ለላፕቶፕ ሽምግልና የሄዱት ጋሽ ደጀኔ

ጋሽ ደጀኔ ማረፋቸውን የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው። ከቀራንዮ ወደ 18 ማዞሪያ እየሄድን ሳለ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ድንኳኑ የት እንደተተከለ ይነጋገራሉ። አንደኛዋ፣ "ፀጉር አስተካካዩ እኮ ናቸው፤ አስታራቂው" አለች። ስማቸውን ሳትጠራ አወቅኳቸው። በእኛ ሰፈር ፀጉር ቤት ሞልቷል፤ አስታራቂው የሚባል ፀጉር አስተካካይ ግን አንድ ብቻ ነበር። "ወራጅ አለ!" ብዬ ወረድኩና የምሄድበትን ጉዳይ ትቼ ወደ ሰፈር ተመለስኩ።

ምሳቸውን በልተው፣ ለከሰዓት እንቅልፍ ጋደም እንዳሉ ነው ያረፉት። ድንኳኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው ብለው ያሳደጉኝ እናቶች አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ጋሽ ደጀኔ ከሚስቱ ጋር እንዴት እንዳስታረቁት ያወራል፤ ሌላው ገና ሳይጨርስ ይነጥቀዋል። ሁሉም ሰው የራሱ ጋሽ ደጀኔ አለው። የእኔ ጋሽ ደጀኔ የላፕቶፑ ናቸው።

ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ወደ ግራ ዘመም ያለ ሰው ነበሩ። ዘመናቸውን ሁሉ የሰው ጆሮ ግንድ ለማየት አንገታቸውን ሲያዘምሙ ኖረው እዚያው ቀረ። መቀስና መላጫውን ለልጃቸው አስረክበው በረንዳቸው ላይ መዋል ከጀመሩ በኋላ እንኳ እጃቸው ሥራውን አልተወም። ሲያናግሩህ በሁለት ጣታቸው አገጭህን ይይዙና ፊትህን ወደ ብርሃን ያዞሩታል። ባለሥልጣን ብትሆን፣ ቀን ሠራተኛ ብትሆን ለውጥ የለውም። ሰው ደግሞ አገጩን ከተያዘ በኋላ መዋሸት ይከብደዋል፤ እኔ ሞክሬ አውቃለሁ።

አንድ የምትወደድ አባባል ነበረቻቸው። የተጣላ ሰው መጥቶ በደሉን ዘርዝሮ ሲጨርስ፣ "እስቲ ደግሞ በግራ በኩል ልየው" ይሉና ተነስተው ወደ ባላጋራው ቤት ይሄዳሉ። አንድም ቀን በአንድ ወገን ወሬ ፈርደው አያውቁም። በግራ በኩል ሳያዩ የተላጨ ፀጉር ምን እንደሚመስል እርሳቸው ያውቁታላ።

በሥራ ዘመናቸው ስላደረጉት ነገር የሚወራ አለ። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ አጥር ተጣልተው ሰላምታ አቁመዋል። አንድ ቅዳሜ አንዱ የሌላውን መምጣት ሳያውቅ ሁለቱም ፀጉር ቤት ይመጣሉ። ጋሽ ደጀኔ ታላቅየውን አስቀምጠው ግማሽ ራሱን ላጩትና "አንዴ ጠብቀኝ" ብለው ታናሽየውን ሌላው ወንበር ላይ አስቀመጡ። እሱንም ግማሽ ላጩት። ከዚያ መላጫውን ሚስማር ላይ ሰቅለው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ በሩ ላይ ቆሙ። "በሉ፣ ታረቁና ልጨርስላችሁ።" ወንድማማቾቹ በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ። እንዲያ ሆኖ ውጭ የሚወጣ ሰው የለም። አጥሩ እስከ ዛሬ የጋራ ነው። እውነት መሆኑን ስጠይቃቸው ተቆጡ። "ውሸት ነው! ግማሽ አይደለም፤ የቀረው ሩብ ነው።"

ወደ ላፕቶፑ ልምጣ።

እኔ ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ማንም ጻፍ ያለኝም የለም። ለሰው ሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለልደት የሚነበብ እየጻፍኩ እኖራለሁ፤ የራሴ የምላቸውን ደግሞ ላፕቶፔ ውስጥ አስቀምጣለሁ። የዚያን ጊዜ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበሩ፤ ወረቀት ላይ የለም፣ ስልኬ ላይ የለም፣ በቃሌም አልያዝኳቸውም። አንድ ጠዋት ላፕቶፑ አልነሳ አለ። ቻርጅ ብሰካው ጸጥ፣ ብነካካው ጸጥ። ደግነቱ ገና ዋራንቲው አላለቀም ነበር። ከማዞሪያው አለፍ ብሎ ካለው አዲስ ፎቅ፣ ከገዛሁበት ሱቅ ወስጄ ሰጠሁ።

ሳምንት አቆይተው ጠሩኝ። ባለሱቁ ሳምሶን የሚባል፣ ሁልጊዜ ሁለት ስልክ በአንድ እጁ የሚይዝ ወጣት ነው።

"ውሃ ገብቶበታል" አለኝ። "ውሃ የነካው ዕቃ በዋራንቲ አይሸፈንም። ቦርዱ ሙሉ ለሙሉ ይቀየራል፤ ሒሳቡ ያንተ ነው።"

"ውስጡ ያለው ነገርስ? የጻፍኩት?"

"እሱ ቦርዱ ላይ ነው ያለው። አብሮ ይሄዳል።"

"የት ነው የሚሄደው?"

"ይሄዳላ!" አለኝ፣ አንደኛውን ስልክ ጆሮው ላይ እያደረገ።

ውሃ አጠገቡ እንኳ አልደረሰም ብዬ ተከራከርኩ። "እሱን አንተ ታውቃለህ" አለኝ። ያን ጊዜ ድምፄ ከፍ አለ፤ እጄም ባንኮኒውን መታ። በዚያ ሁሉ ንዴት ውስጥ ከአፌ የወጣው ስድብ ቤት ይመታ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ የሳምሶን እህት ሜሮን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሆና ሳቋን ስትይዝ አይቻታለሁ። ጥበቃው ግን የግጥም ሰው አልነበረም። ክንዴን ይዞ እስከ ደረጃው ሸኘኝ።

በቀጥታ የሄድኩት ጋሽ ደጀኔ በረንዳ ነው። ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩት። እርሳቸው ሻያቸውን እስከ ግማሽ ጠጥተው እንደ ልማዳቸው ግማሹን ተዉት።

"ላፕቶፕ የምትሉት ያ እንደ ሻንጣ ተከፍቶ የሚዘጋው ነው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"በውስጡስ ያለው ምንድነው?"

"ግጥም።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

አገጬን ያዙና ወደ ፀሐዩ አዞሩኝ። "ለግጥም ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው?"

"የእኔ የምለው ሌላ ነገር የለኝም፣ ጋሽ ደጀኔ። ቦርዱን ከቀየሩት አለቀ።"

 ከዚያ ምርመራው ተጀመረ።

"ውሃ?"

"አልነካውም።"

"ሻይ?"

"አልነካውም።"

"ቢራ?"

"ኧረ ጋሽ ደጀኔ!"

"መጠየቅ አለብኝ። ሰው ፊት ቆሜ እንዳታሳፍረኝ።" አገጬን ለቀቁኝ። "እንግዲያው ሽማግሌ እንልካለን።"

"የት?"

"ሱቁ ነዋ።"

"ጋሼ፣ ሱቅ እኮ ነው! የሸማች አቤቱታ የሚቀበል መሥሪያ ቤት አለ፣ እዚያ ሄጄ..."

"ሂድ፤ እሱም ጥሩ ነው። ይሰሙሃል። እስኪሰሙህ ድረስ ግን ልጁ ያንን ቦርድ የምትለውን ነቅሎ ይጥለዋል። ሱቁ የሰው ነው፤ ሰውየው ጋ እንሄዳለን።"

በማግስቱ ሁለት ሰው መረጡ። አንደኛው ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ከደቡብ ምዕራብ በልጅነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን በንግድ ያሳለፉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ወሬ ሲረዝም የሚበሳጩ ሰው። ሁለተኛው ጋሽ ተክሌ ናቸው። ጋሽ ተክሌ ጆሯቸው የሚሰማው ሰው ሲጮህ ብቻ ነው፤ እርሳቸውም የሚያወሩት እየጮሁ ነው። "ጋሽ ተክሌን ለምን?" ስል ጠየቅኩ። "ሽምግልና ላይ የማይሰማ ሰው ያስፈልጋል" አሉኝ፤ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ሦስቱም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። እኔ ልከተል ስል ጋሽ ደጀኔ በከዘራቸው ደረቴን ገፋ አደረጉኝ። "ሽማግሌ ላኪ አብሮ አይገባም። ደንቡ ነው።" ሊፍቱ አይሠራም ነበርና ጋሽ ወልዴ በየደረጃው እየቆሙ ላፕቶፕ የፈጠረውን ሰው ይረግማሉ። እኔ ከኮሪደሩ ጫፍ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሱቁ የመስታወት ነው፤ በሩም ተከፍቶ ነበርና የሚታየውም የሚሰማውም ይደርሰኛል።

ሳምሶን አልነበረም። ሜሮን ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ወንበር አቀረበች።

"ቁጭ በሉ፣ አባቶቼ።"

"አይ ልጄ፣ ቆመን ነው" አሉ ጋሽ ደጀኔ።

"ምን ልርዳችሁ?"

"የቤቱን ባለቤት ፈልገን ነበር።"

"ወንድሜ ነው፤ ወጣ ብሏል። ለእኔ ንገሩኝ ግድ የለም።"

"ላንቺ የሚነገር አይደለም።"

ሜሮን ሦስቱን ጋቢዎች አየች። ከዘራዎቹን አየች። ያልተነኩትን ወንበሮች አየች።

"አባት አላችሁ?" አሉ ጋሽ ደጀኔ።

"አ... አለን።"

"ዕድሜ ይስጥልን። ቅዳሜ ከሰዓት እንመለሳለን በያቸው።"

ሲወጡ ሜሮን ለእነሱ ያቀረበችው ወንበር ላይ ራሷ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ከጎን ካለው የስልክ ሱቅ አንዲት ልጅ ሮጣ መጣች፤ ከፊት ለፊቱ የመነጽር ሱቅም ሌላ። እኛ ምድር ቤት ሳንደርስ ፎቁ ሁሉ ሰምቷል።

"ደጀኔ፣ ጉዳዩን ለምን አልነገርካትም?" አሉ ጋሽ ወልዴ ጉልበታቸውን እያሹ። "አንድ ቃል ነበር እኮ! ላፕቶፕ! በቃ!"

"ጉዳይ ለቤት ራስ ነው የሚነገረው።"

"ደረጃውን እንደገና ልታስወጣኝ ነው!"

ቅዳሜ ስንደርስ ሱቁ ሱቅ አልመሰለኝም። ባንኮኒው ላይ ተከምረው የነበሩት ካርቶኖች የሉም። ለስላሳ በሳጥን ገብቷል፤ ፈንዲሻ በሰፌድ ተቀምጧል። ሳምሶን ሙሉ ልብስ ለብሶ ፀጉሩን አዲስ ተቆርጧል፤ ስልኮቹም አይታዩም። ከአጠገቡ አቶ ገረመው የሚባሉት አባታቸው ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ሜሮን ከጥግ ሆና ጥፍሯን ትበላለች። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ቢኒ የሚባለው ቴክኒሻን፣ ግንባሩ ላይ መብራት እንዳሰረ አንገቱን ያወጣል።

"ግቡ፣ ግቡ! ቁጭ በሉ!" አሉ አቶ ገረመው።

"የመጣንበትን ሳትሰሙን አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ደጀኔ።

"ደግ። እንሰማለን። ብቻ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ እኔ ቤት ልጅ አይገደድም። ልጄ ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም። እሷ እሺ ካላለች..."

"አባዬ፣ እኔ የማውቀው ሰው የለም!" አለች ሜሮን። "ማንንም! በመድኃኔዓለም!"

"አንቺ ዝም በይ" አለ ሳምሶን። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ለመሆኑ ልጁ ሥራው ምንድነው?"

ይቺኛዋን ጋሽ ተክሌ ሰሟት። ደስ አላቸው። "ግጥም ይጽፋል!" ብለው ጮሁ።

አቶ ገረመው ግንባራቸውን ያዙ። "ግጥም?"

"ግጥም!"

"ሌላስ? ቤት? ንብረት?"

"ምንም የለውም! ያለችው አንዲት ላፕቶፕ ናት፤ እሷም ተበላሽታለች! እናንተው ጋ ናት!"

 ሳምሶን መጀመሪያ ጋሽ ተክሌን አየ፤ ቀጥሎ በመስታወቱ አሻግሮ ደረጃው ላይ የተቀመጥኩትን እኔን አየ። ፊቱ ቀስ ብሎ ሲቀያየር ይታየኛል። ቀድማ የሳቀችው ሜሮን ናት፤ ሳቀች ከማለት ፈነዳች ማለት ይሻላል። አቶ ገረመው ነገሩ ሲገባቸው እስኪያስላቸው፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከጎን ሱቅ በር ላይ የተሰበሰቡት ሴቶችም ይስቃሉ። ያልሳቅነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ሳምሶንና እኔ።

"ለዋራንቲ ነው ይሄ ሁሉ?" አለ ሳምሶን። "አባዬ፣ ይሄ የሥራ ጉዳይ ነው። ውሳኔ ተሰጥቶበታል። አንተ ወደ ቤት ሂድ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ።"

አቶ ገረመው ዓይናቸውን እየጠረጉ ተቀመጡ። "ለስላሳ ገዝተህ፣ እኔን ከቤት አስጠርተህ፣ ሽማግሌ አቁመህ 'የሥራ ጉዳይ' ትለኛለህ? ሽማግሌ ለበሬም ይምጣ ለኮምፒውተር፣ ቆሞ አይመለስም። ይሰማ!"

ጋሽ ደጀኔ ይህችን ሲሰሙ አንገታቸው ትንሽ ቀና አለ። እኔን አልጠሩኝም፤ የእኔን በደል እንኳ አልተናገሩም። ወደ ሳምሶን ቀረብ አሉ።

"የልጁን ሰምቻለሁ። እስቲ ያንተን በኩል ልየው፣ ልጄ።"

ሳምሶን እየተቆጣ ጀመረ፤ እየተናገረ ሲሄድ ግን ቁጣው ወደ ድካም ተለወጠ። ሰው ቡና ደፍቶ አልደፋሁም ይላል። ከፎቅ ጥሎ በራሱ ተሰበረ ይላል። አስመጪው ዕቃውን አልቀበልም ሲለው ኪሳራው በእሱ ይቀራል። ሁሉም ሰው እሱ ላይ ይጮሃል፤ ያ ገጣሚ ደግሞ በዜማ ነው የሰደበው። ጋሽ ደጀኔ አንድም ጊዜ ሳያቋርጡ ሰሙት። ሲጨርስ ሁለት ጣታቸውን ሰደዱና አገጩን ያዙ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞሩት። 

"ማነው እንዲህ ያደረገህ?"

"ምኑን?"

"ፀጉርህን። የግራው ከቀኙ በጣት ይረዝማል።"

"እኔም ብዬው ነበር!" አሉ አቶ ገረመው ከወንበራቸው።

ሳምሶን ሳያስበው እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ። ፈገግታ መጣበት፤ ሊመልሰው ቢሞክርም አልሆነለትም። ከዚያ በኋላ ሰው ሆኖ ነው ያወራው።

ያን ጊዜ እኔን ጠሩኝ። ገባሁ። "ስድቡን ይቅር በለኝ በለው" አሉኝ በመጀመሪያ፤ አልኩት። "አሁን ሽማግሌ ፊት፣ አባቱ ፊት፣ ውሃ እንዳልነካው ማል።" ማልኩ። እጄን አንስቼ፣ ሙሉ ድምፄን አውጥቼ። ጋሽ ተክሌ እንኳ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ደግ። ውሃ አለው ያለውስ ማነው?"

ሁሉም ወደ መጋረጃው ዞረ። ቢኒ ግንባሩ ላይ ያለውን መብራት ማጥፋት ረስቶ ወጣ፤ ያየው ሰው ሁሉ ዓይኑን ይጨፍናል።

"አንተስ ልጄ፣ ውሃውን በዓይንህ አይተህ ነው? ትምላለህ?"

"ጋሼ፣ እኔ መሐላ ውስጥ የለሁበትም" አለ ቢኒ ወዲያው።

"እሱ ምሎ ጨርሷል፤ አንተ ያየኸውን ብቻ ንገረን" አሉ ጋሽ ወልዴ። "አየህ አላየህም? ጉልበቴ አለቀ!"

ቢኒ ሳምሶንን አየ፤ መሬቱን አየ። "የቻርጅ መግቢያው ጠቁሮ አገኘሁት። እንዲህ የሚጠቁረው ብዙ ጊዜ ውሃ ሲገባ ነው። የዚያን ቀን ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ ዕቃ ተቆልሎ ነበር... 'ውሃ ነው' ብዬ አሳለፍኩት። አልከፈትኩትም።"

"አልከፈትከውም?" አለ ሳምሶን። "ውሃ ነው ስትለኝ እኮ ከፍተኸው መስሎኝ ነው!"

"ከፍተኸዋል ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም።"

ሳምሶን ፊቱ ደም ለበሰ። እኔ ደግሞ ደረቴ ተነፋ፤ የምናገረውን ሁሉ በልቤ እየደረደርኩ ነበር። ጋሽ ደጀኔ ያንን ያዩ ይመስለኛል። አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብለው በእኔና በሳምሶን መሃል ቆሙ።

"ማንም አልዋሸም" አሉ። "ማንም ግን አላየም። አሁን እንየው።"

ቢኒ ላፕቶፑን አመጣው። በመፍቻው እያንዳንዷን ብሎን እየፈታ ክዳን ላይ ሲያስቀምጥ ከአንገቱ በላይ ሦስት ባርኔጣ፣ የአቶ ገረመው ራሰ በራ፣ የሜሮን ሹሩባና የእኔ ጎፈሬ ተደርድሯል። ጀርባው ሲነሳ ጋሽ ተክሌ፣ "ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ ከተማ አይመስልም?" ብለው ጮሁ።  ቢኒ በመብራቱ ሁሉንም ጥግ እያየ ሄደ። እኔ በሕይወቴ የሰው አፍ እንደዚያ ቀን ጠብቄ አላውቅም።

"ደረቅ ነው" አለ በመጨረሻ። "ውሃ የሚባል አልነካውም። መግቢያው ራሱ ከፋብሪካው ልል ሆኖ ነው የተቃጠለው። እሱ ብቻ ነው የሚቀየረው። ቦርዱ ደህና ነው።"

"ውስጡ ያለውስ?" አልኩ።

"ምንም አይሆንም።"

ሳምሶን ረጅም ትንፋሽ አወጣ። "በዋራንቲ ይሠራል" አለ፤ ቀጥሎም ትከሻዬን መታ አደረገኝ። "ስድብህን ግን ጻፈልኝ፤ ለሌላ ሰው እፈልገዋለሁ።"

ያን ጊዜ ነው ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት። ለስላሳው ተከፈተ፤ ፈንዲሻው ዞረ፤ ቢኒም ተጠርቶ ከመሃል ተቀመጠ። አቶ ገረመው የጋሽ ደጀኔን ጉልበት እየመቱ፣ "ለልጄ የመጣችሁ ዕለት ግን ገጣሚ እንዳታመጡብኝ" ይላሉ። "ኧረ አናመጣም!" ይላሉ ጋሽ ተክሌ፣ ይቺንም ሰምተው። ሜሮን በዚያው ዓመት ሳይሆን ትምህርቷን ስትጨርስ አንድ ኢንጂነር አገባች። ሠርጉ ላይ የተነበበውን ግጥም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ወደ ሰፈር ስንመለስ ጋሽ ደጀኔን ከሌሎቹ ለይቼ ጠየቅኳቸው። "ለልጅቷ የመጣችሁ እንደሚመስላቸው ያውቁ ነበር አይደል?"

"እኔ ምንም አላልኩም።"

"ጋሼ!"

"ሦስት ሽማግሌ ሴት ልጅ ያለበት ቤት ገብቶ አልቀመጥም ሲል ሰው ምን ብሎ ያስባል?" ከዘራቸውን እያዟዟሩ ትንሽ ሄዱ። "ለዋራንቲ ብለን ብንሄድ ልጁን ብቻ ነበር የምናገኘው። እኔ የፈለግኩት አባቱን ነው።"

"ጋሽ ተክሌስ? ጆሯቸው..."

"ተክሌ ባይጮህ ኖሮ ላፕቶፕ የሚለውን ቃል እኔ በምን አፌ አወጣው ነበር?" ብለው ሳቁ።

ላፕቶፑ ተሠርቶ የወጣ ዕለት በቀጥታ ወደ በረንዳቸው ይዤው ሄድኩ። ተነሳ። ፋይሎቹ እንደነበሩ ተደርድረዋል። ማልቀስ ቃጣኝ። ጋሽ ደጀኔ ወንበራቸውን አስጠጉ።

"እስቲ አንብብልኝ።"

"የትኛውን?"

"ወልዴ በዚያ ጉልበቱ ፎቅ የወጣለትን።"

ከሁሉ የምወደውን መረጥኩ። ስለ ጨረቃና ስለ ተሰበረ ልብ ነው፤ ረጅም ነው። ስጨርስ ጋሽ ደጀኔ ሻያቸውን አነሱ፤ መልሰው አስቀመጡት።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

"ሌላ የለህም?"

ሌላ አነበብኩ። ይቺ ደግሞ ጥላኝ ስለሄደች ልጅ ነበር። "ማናት ልጅቷ?" አሉኝ። "ማንም አይደለችም ጋሼ፣ ግጥም ነው" አልኳቸው። "ከሌለች ለምንድነው እንዲህ የምታለቅስላት?"  ቀጠልኩ። ሦስተኛዋ ላይ አዛጉ። አምስተኛዋ ላይ እኔ ራሴ አፈርኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለሰው አንብቤያቸው አላውቅም ነበር። ለብቻዬ በልቤ ሳነባቸው እንዲህ አይደሉም። ከታች፣ ለመጣል ብዬ ያስቀመጥኳት አንዲት አጭር ነበረች። ቶሎ ለመጨረስ ብዬ አነበብኳት።

ነፋሱ ሲመጣ ከቆሼ በኩል፣
መንደሩ በሙሉ መስኮት ይዘጋል፤
እትዬ አስካለ ግን ከፍተው ያያሉ፣
"ልጄ መጣችልኝ፣ ደረሰች" ይላሉ።

ጋሽ ደጀኔ ቀና አሉ። "አስካለ? የእኛዋ?"

"አዎ። ልጃቸው እዚያ ቆሻሻ መጣያው ላይ አይደል የምትሠራው።"

"ድገማት።"

ደገምኳት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። አሁንም ድገማት አሉኝ፤ ደገምኳት።

"ይቺን ያዝ። ሌላውን ተወው።"

"እንዴት እተወዋለሁ? ለእነሱ አይደል እንዴ የተሟገትነው!"

"ተሟግተን አገኘናቸዋ!" አሉ። "ባናገኛቸው ኖሮ ዕድሜ ልክህን ትልቅ ነገር የጠፋብህ እየመሰለህ ትኖር ነበር።"

መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ከዚያ ሳቅ አፈነኝ፤ እርሳቸውም ሳቁ። ከሰዓቱን ሙሉ እዚያ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን የእያንዳንዷን የመጀመሪያ መስመር አነብላቸዋለሁ፤ እርሳቸው እጃቸውን ወዝወዝ አድርገው "ትሂድ" ይላሉ፤ እኔ አጠፋታለሁ። አንዳንዷን "ቆይ፣ ቆይ" ብለው ያስቀጥሉኝና በሁለተኛው መስመር "ትሂድ" ይላሉ። ጨረቃዋ ስትሄድ ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ስቀናል። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል እትዬ አስካለ ብቻቸውን ቀሩ። አዲስ ገጽ ከፈትኩ። ጋሽ ደጀኔ አጎንብሰው ያንን ነጭ ባዶ ነገር ብዙ ጊዜ አዩት።

"በል" አሉኝ፤ "አሁን ሥራ አለህ።"